ውሃው ሲጎድል

ሰው ሁሉ ወደ እኛ የሚመጣው ሊደሰት ነው። እሁድ እሁድ ከአሶሳ፣ ከሆሞሻ፣ ከጾሬ የስደተኞች መጠለያ በመኪና ተጭነው ይመጡና ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ይሮጣሉ። ውሃው ዳር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ሲመጣ ደግሞ ጣውላ ይዘው ይገባሉ፤ ማዕበሉን ቆመው ሊጋልቡት፣ ወድቀው ሊንጫጩ። ቦታውንም «አሸዋው» ነው የሚሉት። «እሁድ አሸዋው እንሂድ» ከተባለ ከተማው ውስጥ የማያውቅ የለም። የመንደራችንን ስም፣ ፈዳንጉን፣ ግን ማንም አይጠራም።

እኔ ቶይባ እባላለሁ። እዚያው አሸዋ ላይ ዓሣ እጠብሳለሁ፤ ሻይና ከርከዴ እሸጣለሁ። ደስታቸውን ሁሉ ከምድጃዬ ኋላ ቆሜ አያለሁ። አንዳንዷ ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ታድለሽ! እንዲህ ያለ ውሃ ዳር መኖር!» ስትለኝ ዓሣውን አገላብጣለሁ። ምን ልበላት? ይሄ ውሃ ከሠርጌ ፊት ተጋድሞ አላሳልፍ ብሎኛል ልበላት?

አባቴ ባቢከር ሐይቅ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ወንዝ» ነው የሚለው። የድሮው መንደራችን ታች ሸለቆው ውስጥ፣ ወደ አባይ በሚገባው ወንዛችን ዳር ነበር። ግድቡ ሲሞላ ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ መጣ። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ወንዙም ሰፍቶ ሐይቅ ሆነ። አባቴ ግን ወንዝ ወንዝ ነው፣ ሞልቷል፣ ይጎድላል ባይ ነው። ደጃችን ላይ ተቀምጦ ከላይ ያየዋል እንጂ አንድ ቀን ወርዶ እግሩን አላስነካውም። እንግዶች ሰላም ሊሉት ሲወጡ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ያስረዳቸዋል።

«ይሄ ውሃ እንግዳ ነው» ይላቸዋል። «እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። አንቺም ወንድሜ፣ ቁጭ በል።»

እነሱ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ለእኔ ይሄ ነገር ቀልድ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

ዋሊድን የሰጠኝም ያው ውሃ ነው፤ ይህን አልክድም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ምድጃዬን የተከልኩት ውሃው አፍንጫ ሥር ነበር። አንድ ቀን ነፋሱ ሲነሳ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ቆሞ ሲመጣ አየሁ። ጀልባ የለውም። ውሃው ላይ ቆሟል። «ቢስሚላህ» አልኩ። ሲቀርብ ነው ከእግሩ ሥር ያለው ረጅም የዋንዛ ጣውላ የታየኝ። በመቅዘፊያው ግራና ቀኝ እየጨለፈ፣ ጥርሱን እያሳየ መጣ። ኋላ የመጨረሻው ማዕበል አንስቶ ከነጣውላው አምጥቶ ምድጃዬ ላይ ዘረገፈው። እሳቴ ጠፋ። ዓሣዎቼ ወደ መጡበት ተመለሱ።

«አንተ አታይም?» ብዬ ጮህኩ።

«ወላሂ አይቼሻለሁ» አለ አሸዋውን ከአፉ እየተፋ። «ለዚያ እኮ ነው የወደቅኩት።»

«ዓሣዬስ?»

«ይዤ እተካልሻለሁ።»

«የተጠበሰ?»

እርጥብ ማገዶዬን ሰብስቦ እፍ ሊል ተንበረከከ። ዐይኑ በጭስ እስኪቀላ እፍ አለ፤ እሳቱ ግን ወይ ፍንክች። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም የምለው ጠፋኝ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ አያምንም።

ከማዶ መንደር ነው። ማዕበል ላይ ቆመው የሚሄዱ ሰዎችን በስልክ አይቶ ጣውላውን ራሱ ጠርቦ ሠራው። አክስቴ ማሪያም የተዳረችው እዚያው እነሱ መንደር ነውና ቤቷን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ያን ቀን ያወራነው ይህንኑ ነበር። በሳምንቱ ዓሣ ይዞ መጣ። በሌላው ሳምንት ምክንያት ሳይፈልግ መጣ። ቆይቶ የእሁድ እንግዶችን ጣውላ ላይ መቆም ማስተማር ጀመረ፤ ከሆሞሻና ከአሶሳ የሚመጡት ወጣቶች «ዋሊድ! ዋሊድ!» ይላሉ። እሱ አንዱን ደግፎ ሌላውን እየገፋ፣ በመሀል ዞር ብሎ ምድጃዬን ያያል። ሲያየኝ ካየሁት ዐይኔን ወደ ዘይቱ እመልሳለሁ። የዚያን ሰሞን ዓሣ ሁሉ አሳርሬ ነው የሸጥኩት።

«ነይ፣ አንድ ጊዜ ውጪበት» ይለኛል ጣውላውን እያሳየ።

«አባቴ ውሃው ውስጥ እንዳልገባ ብሏል።»

«ለምን?»

«እንግዳ ስለሆነ።»

ይስቃል። ያኔ እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

ሽማግሌ የላከው መስከረም ላይ ነው። አባቴ በደንብ ተቀበላቸው። ልጁን ወዶታል፤ «ሲሄድም ሲወድቅም ከላይ አየዋለሁ፣ ወድቆ የማይነሳበት ቀን የለም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ጠየቁ። አባቴም መለሰ፤

«ልጄን ሰጥቻለሁ። ውሃው ሲጎድል ይውሰዳት።»

ፋቲሃ ተነበበ። ሁሉም ደስ ብሎት ተነሳ። እኔ ጓዳ ሆኜ አፌን በተጠቀለልኩበት ቶብ ጠርዝ ይዤ እስቃለሁ። የማንኛችንም ልብ ውስጥ ክፉ ነገር አልገባም፤ ምክንያቱም በፈዳንጉ አባት ሁሉ የሚመልሰው እንደዚያ ነው። አያቴም ያሉት ይህንኑ ነው። «ውሃው ሲጎድል» ማለት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ግድም ማለት ነው። ሽማግሌዎቹም «ኅዳር ነው» ብለው ሄደው ተናገሩ፤ የዋሊድ እናትም ማሽላ ማስፈጨት ጀመረች።

ለምን ሲጎድል እንደሆነ ልንገራችሁ። በመንደራችን በሠርጉ ጠዋት የሙሽራይቱ አክስት፣ የአባቷ እህት፣ ከተዳረችበት መንደር ወንዙን በእግሯ ተሻግራ ትመጣለች። በድሮው መንደር፣ ከአንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መሻገሪያ ነበር። እግሯን ሳትጠርግ ወጥታ የቤቱን ደፍ ትረግጣለች። ሙሽራይቱ ስትወጣ በዚያ እርጥብ ዱካ ላይ ረግጣ ነው የምትወጣው። እኔ እንደ ሂና፣ እንደ ዘፈኑ፣ የሠርግ ማድመቂያ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ደረሰ። ውሃው እዚያው ነው። ታኅሣሥ ደረሰ። እዚያው ነው፤ ጭራሽ የወፈረ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ።

«ባቢከር፣ መቼ እንበል?»

«ጎደለ እንዴ?» አላቸው አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ሳቃቸው ቀስ እያለ ሲቆም ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ያልተባለ ነገር የለም።

«አባ፣ ይሄኮ የግድብ ውሃ ነው። አይጎድልም!»

«የማይጎድል ውሃ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይኸው! እዚህ! ፊት ለፊትህ!»

«ገና ነው» ይላል በትሩን እያሻሸ። «ታገሺ።»

ታገሺ። ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ሠርጉ አልፎ የተኛ ሰው መሆን አለበት።

የሚያናድደው ደግሞ ውሃው ጨርሶ አለመጉደሉ አይደለም። ግንቦት ላይ ይሸሻል። አሸዋው ይሰፋል፤ የሞቱ ዛፎች ጫፍ ብቅ ብቅ ይላል። የዚያን ጊዜ አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ ኮረብታው አፋፍ ላይ ቆመ። የእኔም ልብ ቆመ። ዋሊድ ጣውላውን ይዞ የሁመሩ ዛፍ ወደነበረበት ሄደና ጠለቀ። ወጣ፤ ትንፋሽ ወሰደ፤ እንደገና ጠለቀ። ሲመለስ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«የሁመሩን ጫፍ ነካሁት» አለኝ። «ጫፉን ብቻ።»

የመሻገሪያው ድንጋዮች ያሉት ከዚያ በታች፣ የዛፉን ሙሉ ቁመት ወርዶ ከሥሩ ነው። ከዚያ ክረምቱ ገባና ሁሉን መልሶ ሸፈነው። ተስፋ ሰጥቶ ከመንሳት ባይሰጥ ይሻላል። ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃውን እንደ ሰው መሳደብ ጀመርኩ።

«አክስትሽን በጀልባ እናምጣት» አለ ዋሊድ። «ከጀልባ ስትወርድ እግሯ መራሱ አይቀርም። አባትሽ ምን ሊል?»

ጀልባ ያለው ሌንጂሳ የሚባል የወለጋ ሰው ነው፤ እንግዶችን በሐይቁ የሚያዞር። ችግሩ ነዳጁ ነው። በሄድኩ ቁጥር ሞተሩን ተደግፎ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል።

«ቤንዚን ሂን ጂሩ፣ የለም፣ እህቴ! ሂን ጂሩ! በላብ ቢሄድ በላቤ እወስድሽ ነበር።»

በስንት መከራ ተገኘ። አክስቴ ለብሳ፣ ሂናውን ቋጥራ ተሳፈረች። መሀል ሐይቅ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ሳል ነገር አለና ጸጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተንሳፍፈው ዋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የዚያን ቀን ወደ ማዶ ዞሮ እየገፋ ወደዚያው ወደ ተነሱበት ዳር መለሳቸው። እኔ ወዲህ ማዶ እግሬ እስኪቃጠል አሸዋ ላይ ቆሜ ነበር። አክስቴ ስትወርድ ሌንጂሳን ምን እንዳለችው ሴት ልጅ አትደግመውም። ሞተር ያለው ነገር ላይ ዳግም ላትወጣ በአላህ ስም ማለች። እሷና አባቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ማለች ማለት አለቀ ማለት ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለተኛው ኅዳር መጣ። አንድ እሁድ ዋሊድ እንግዶቹን ትቶ ወደ ምድጃዬ መጣ።

«እናቴ ‹ሰው ሳቀብን› ትላለች» አለ። «የፈጨችው ማሽላ ነቀዘ። በዚህ ወር ቀን ካልተቆረጠ ሌላ ቤት ሽማግሌ እልካለሁ ብላለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እኔ ምን እላለሁ? ለእሷም ታገሺ ልበላት?»

ዘይቱ ይንጫጫል። ዓሣውን አገላበጥኩ።

«እንሂድ፣ ቶይባ» አለ በመጨረሻ በቀስታ። «አሁን። ጣውላው ሁለታችንንም ይችላል። ኒካሁን እዚያ እናስራለን፤ አባትሽ ኋላ ይታረቀናል።»

ልቤ አልሄደም ብል ውሸት ነው። ሄዶ ነበር፤ ጣውላው ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። ቀና ስል ግን ኮረብታው ላይ አባቴ ደጃችን ላይ ተቀምጦ ታየኝ።

«እኔ በደጅ ነው የምወጣው» አልኩት።

«ደጁ እኮ ተዘግቷል!»

«እሱን አውቃለሁ! ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ተጯጯህን። ሰው ዞሮ እስኪያየን ተጯጯህን። ዋሊድ ጣውላውን አንስቶ ሄደ። እኔ ምድጃዬን እንደነደደ ትቼ ኮረብታውን እያለከለክሁ ወጣሁና አባቴ ፊት ቆምኩ።

«አባ፣ ልጁን ልታሳጣኝ ነው! ውሃው አይጎድልም! አንተም ታውቃለህ፤ እንደማይጎድል ከማንም በላይ ታውቃለህ!»

እንደ ሁልጊዜው «ገና ነው» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። በትሩን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«አውቃለሁ» አለ።

ስዘጋጅለት የኖርኩት ጠብ ሁሉ ከእጄ ወደቀ።

«ማሪያምን ስንድራት አልቅሼ ነበር» አለ። «ትልቅ ሰው ሆኜ አለቀስኩ። አባቴ ምን አለኝ? ‹አታልቅስ፣ ውሃው ሲጎድል ትመጣለች› አለኝ። እውነቱን ነው፤ በየዓመቱ መጣች። እናትሽ ስትሞት መጥታ አንቺን አዝላ አሳደገችልኝ። ውሃ ሲሞላ ትሄዳለች፣ ሲጎድል ትመጣለች። እኔ የዳርናት መስሎኝ አያውቅም፤ ደርሳ የምትመለስ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ይሄ መጣ።» በአገጩ ሐይቁን አሳየኝ። «ጠዋት እሳት ስታነድ ጭሷ ከዚህ ይታየኛል። እሷን አላያትም። አሁን አንቺንም ወደዚያው ልላክሽ? ሁለት ጭስ እያየሁ ልኑር?»

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴ አልጠፋም፤ የማሳርፍበት ቦታ ግን አጣ። ያ እርጥብ ዱካ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሄደች ሴት መመለስ እንደምትችል ለሙሽራይቱም፣ ለአባትም ማሳያ ነበር። አባቴ ሠርጌን አልጠላም። መመለሻዬን ነበር የሚጠብቀው።

በሚቀጥለው እሁድ ዋሊድ መጣ፤ አባቴ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። እንዲያጽናናኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ማዶውን አየና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጣውላው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ጠፋ። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። በተከታዩም አልመጣም። እንግዶቹ «ዋሊድ የት ሄደ?» እያሉ እኔኑ ይጠይቁኛል፤ የቤቱ ዘበኛ ያደረገኝ ያለ ይመስል። ሌንጂሳ ደግሞ ዐይኔን ላለማየት ሞተሩን እየጠረገ «የዋሊድ እናት ሌላ ቤት ሽማግሌ ልካለች ይባላል፣ እህቴ። እኔ ግን ከሰው ነው የሰማሁት» አለኝ። ያን ቀን የመጣ እንግዳ ሁሉ ዓሣው ለምን በርበሬ እንደበዛበት አያውቅም። «ካልፈለጋችሁ አትብሉት» ነው ያልኩት።

በሳምንቱ እሁድ ምድጃዬን ሳላነድ ተቀመጥኩ። የጾሬ መጠለያ ሠራተኞች መጥተው አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ነፋሱ መነሳት ጀምሯል። በድንገት ኳሱ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ።

«ያቺ ምንድን ናት?» አለች አንዷ።

ቀና አልኩ። የዋሊድ ጣውላ ነው። ዋሊድ ከኋላ ተንበርክኮ ይቀዝፋል። ከፊት ደማቅ ቀይ ቶብ የለበሰች ወፍራም ሴት አህያ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እግሮቿን ግራና ቀኝ ውሃው ውስጥ አንጠልጥላ፣ በሁለት እጇ ጣውላውን ጨምድዳ ትመጣለች። ስትጮህ ከሩቅ ይሰማል። የምትጮኸው ፈርታ አይደለም፤ እየተቆጣች ነው።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ፣ አንተ ልጅ! እኔ ይሄን ውሃ አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው!»

«አክስቴ ማሪያም!» ብዬ ጮህኩ።

ማዕበሉ ከኋላቸው ተነሳ። ዋሊድ ዞር ብሎ አየው፤ «ያዢ!» አለ። ውሃው አነሳቸው። አክስቴ አፏን ከፍታ፣ ቶቧ ከኋላዋ ተነፍቶ፣ ያንን ማዕበል ከጫፉ እስከ አሸዋው ድረስ ጋለበችው። የዚያን ቀን ከመጣው ወጣት ሁሉ ሳይወድቅ የደረሰ እሷ ብቻ ናት። አሸዋው በጭብጨባ ተናጋ።

«አትንኩኝ!» አለች ሊያነሷት የሮጡትን። «በእግሬ እወርዳለሁ።»

አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። በትከሻዋ በኩል ዋሊድን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል፤ እጁ በቀዘፋ ተልጧል።

«የት ነበርክ?»

«እያስተማርኳት» አለ። «በየቀኑ ጠዋት፣ እዚያው ዳሩ ላይ። መጀመሪያ ቀን በበትር መታችኝ።»

«እናትህስ? ሽማግሌ ልካለች ተብሎ...»

«ልካ ነበር» አለች አክስቴ ቶቧን እየጨመቀች። «እኔ አናግሬያታለሁ። ከእንግዲህ አትልክም። ወንድሜ የታለ?»

አባቴ ከላይ ሁሉን አይቷል። ከመቀመጫው ግን አልተነሳም። ኮረብታውን ወጣን። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ አሸዋው ያቃጥላል፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ አክስቴ በየመሀሉ ትቆማለች። ደጃፍ ስንደርስ ሁለቱ ተያዩ። ሰላምታ እንኳ አልተባባሉም። አክስቴ ተራመደችና ደፉን ረገጠች።

ሁላችንም ወደ ታች አየን። አቧራ ብቻ። እግሯ መንገድ ላይ ደርቋል።

«ደርቋል» አለ አባቴ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ስንት ወር፣ ስንት ጸሎት፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ መጨረሻው ይሄ? በሩን ልገነጥለው እጄን ዘርግቻለሁ። ዋሊድ ኮረብታው ሥር ያለውን ሐይቅ አየ፤ «መልሳት» ካልኩት ተሸክሟት ሊወርድ እንደሆነ ፊቱ ላይ አነበብኩ።

አባቴ ተነሳ። ጓዳ ገብቶ ለሶላት የሚታጠብበትን ኢብሪቅ ይዞ ወጣ። በትሩን ጣለና እህቱ እግር ሥር ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ውሃውን በቀኝ እግሯ ላይ አፈሰሰ፤ ቀጥሎ በግራው። ጎንበስ ብሎ እግሯን ሲያይ ቆየ።

«ትንሿ ጣትሽ» አለ። «አሁንም ጠማማ ናት።»

«የት ትሄዳለች?» አለች አክስቴ፤ እያለቀሰች ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ረገጠች፤ ደፉ ላይ ጠማማ ጣት ያለበት እርጥብ ዱካ ቀረ።

እልል ልል አፌን ስከፍት አባቴ እጁን አነሳ።

«ዋሊድ፣ ና። ማሪያምን ያመጣሃት አንተ ነህ። አንተ ታመህ ብትተኛስ? ብትጣሉስ? ቶይባ እኔን ማየት ብትፈልግ ማን ያመጣታል?»

ዋሊድ የተላጠ እጁን አየ።

«አስተምራት» አለ አባቴ። «ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን የተመለሰች ቀን ሠርጓ ነው።»

«አባ!» አልኩ። ከንዴቴ ብዛት እንባዬ መጣ። «እስከ ዛሬ እግርሽን እንዳታስነኪ ያልከኝ አንተ ነህ!»

«አዎ» አለኝ። «ተሳስቼ ነበር። ነገ ጀምሪ።»

ጀመርኩ። ያንን ሐይቅ ግማሹን ጠጥቼዋለሁ። እንግዶች የሚስቁበት ሁሉ በእኔ ደረሰ፤ ወደቅኩ፣ ተገለበጥኩ፣ ጣውላው አገጬን መታኝ። ዋሊድ ሲደግፈኝ «ልቀቀኝ» እለዋለሁ፤ ሲለቀኝ «ለምን ለቀቅከኝ» እለዋለሁ። አክስቴ እስከ ሠርጉ ወደ ቤቷ አልመለስም ብላ ምድጃዬን ተረከበች፤ ዓሣውን ከእኔ አሳምራ ትጠብሳለች። አባቴም በሦስተኛው ቀን በትሩን ይዞ ወረደ። መጀመሪያ ምድጃው ጋ ተቀመጠ። ቆይቶ ወደ ውሃው ቀረበ። እሁድ ሲደርስ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገብቶ ቆሞ «ጉልበትሽን እጠፊ! ወንዝ እንዲህ አይቀዘፍም!» እያለ በሰው ሁሉ ፊት ይጮህብኝ ነበር።

ጥር ሲገባ ሄድኩ፤ ማዶውን በእጄ ነካሁና ተመለስኩ። ብቻዬን። ዋሊድ መሀል ድረስ በሌላ ጣውላ ከኋላዬ ተደብቆ ተከትሎኛል፤ ለአባቴ አልነገርኩም።

የሠርጌ ጠዋት አክስቴ ሐይቁ ውስጥ ወርዳ እግሯን ነክራ ወጣች። እንዳይደርቅ አባቴ ኢብሪቁን ይዞ እስከ ደጃፍ አጀባት። ደፉን ረገጠች። እኔም ወጣሁ፤ እግሬን ጠማማዋ ጣት ያለችበት ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

ዋሊድ ጣውላዎቹን ይዞ ታች ይጠብቃል፤ የሌንጂሳ ጀልባ ዘመድ አዝማዱን ጭና ቆማለች፤ ለዛሬ ቤንዚን አግኝቷል። አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። ብዙ የሚለኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ወደ ታች፣ ያን ሁሉ ጊዜ ወንዝ ሲለው ወደኖረው ውሃ ረጅም ጊዜ አየ።

«ሐይቁ ጸጥ ብሏል» አለኝ። «ነፋስ ሳይነሳ ሂጂ።»